ለጓድ ቤት ጡሩንባ

«ለጓድ ቤት ጡሩንባ አይነፋም፤ ተቆርጧል!»

መሰረት ይህን የሰማችው ወፍጮ ቤት ተራ ይዛ ነው። ወፍጮው ስለሚጮህ ሴቶቹም እየጮኹ ነበር የሚያወሩት፤ ሞተሩ ናፍጣ ጨርሶ ድንገት ቀጥ ሲል ያች አንዲት ዓረፍተ ነገር የሚሸፍናት አጥታ አደባባይ ወጣች። ተናጋሪዋ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። ሌሎቹ ጆንያቸውን ማስተካከል ጀመሩ። አንዷ ቶሎ ብላ፣ «ኧረ ይኸ ወፍጮስ ሰው ጨረሰ! በኪሎ ሦስት ብር የነበረው ስድስት ገባ እኮ» አለች፤ ሌላዋ ተቀበለቻትና ስለ ናፍጣ፣ ስለ ተዘጋው የደሴ መንገድ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራች። መሰረት ሰዉ ለምን ስለ ሽንኩርት ማውራት እንደጀመረ ገብቷታል። ጓድ ማለት አባቷ አለምነው ነው። መካነ ሰላም ላይ መንግሥት ስንቴ ተቀያየረ፣ እሱም አብሮ ስንቴ ተቀያየረ፤ ይች ቅጽል ስም ግን ከደርግ ጊዜ ጀምራ ሳትላቀቀው ቀርታለች። ፊት ለፊት የሚጠራው የለም፣ ከኋላው ግን ሌላ ስም ያለው አይመስልም።

ጡሩንባው የቅሬ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል፤ ቅሬ ግን ድንኳንና ብረት ድስት ብቻ አይደለም። ክርስቲያኑና እስላሙ አንዱ የሌላውን ሬሳ የሚሸከምበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ ያጠፋ የሚቀጣበት ነው። ከቅሬ የተባረረ ሰው ሲሞት ጡሩንባ አይነፋለትም፣ ጉድጓድ ቆፋሪ አይመጣለትም፤ በቁሙም ቢሆን እሳት ልጫር ብሎ የጎረቤት በር ቢያንኳኳ የሚከፍትለት የለም። የመሰረት እናት አልታየች ደግሞ ጓዳ ውስጥ ተኝታለች፤ እግሯ አብጧል፣ ትንፋሿ ከአልጋ እስከ በር አያደርሳትም። ሐኪሙ «ልቧ ደክሟል፣ ደሴ ውሰዷት» ብሎ ነበር። መንገዱ ተዘጋ። ሲከፈት ደግሞ እሷ ሕመሙ ብሶባት መንገድ የማትችል ሆና ተገኘች፤ «እንግዲህ ተዉኝ፣ ሰው ባለበት አገር ልሙት» አለች። ሰው ባለበት አገር! መሰረት ጤፏን ሳታስፈጭ ጥላ ወጣች።

ወሬው ከየት እንደመጣ ታውቃለች። ባለፈው ወር ቤቷ የተቃጠለባት አንዲት መበለት ነበረች፤ ቅሬው ከየቤቱ ዱቄትና ቆሎ አዋጥቶ ሰጣት። አለምነው ግን አዳራሽ ስብሰባ ላይ ከፊት ወንበር ተነስቶ፣ «በቅሬ ስም ስንቅ እየተሰበሰበ ነው፤ ለማን እንደሚሄድ ይጣራ» አለ። በእንዲህ ያለ ጊዜ እንዲህ ያለ ቃል ምን ይዞ እንደሚመጣ ጡት ያልጣለ ልጅ ያውቃል። በማግስቱ የቅሬው ዳኛ አቶ ፋሩቅ ከሱቃቸው ተወሰዱ። ሁለት ሳምንት ከርመው ሲመለሱ ከስተው፣ የጢማቸው ሂና ለቆ፣ በአንድ ጊዜ ሽማግሌ ሆነው ነበር። ምን እንደደረሰባቸው አልተናገሩም። ሱቃቸውን ከፍተው እንደ ወትሮው ስኳር መመዘን ጀመሩ፤ አለምነው ሲያልፍ ግን ዓይናቸውን ከሚዛኑ አያነሱም። ከዚያ ወዲህ እሷም ስትገባና ስትወጣ ሰዉ ሰላምታ ያሳጥርባታል፤ «እናትሽ እንዴት ናት?» ይሏታል፣ «አባትሽስ?» የሚል ጠፍቷል።

እቤት ስትደርስ አባቷ ሳሎን ተቀምጦ ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፏል። ሳሎኑ የመሰረት የጅዳ ዓመታት ነው፤ ቆርቆሮውም፣ ሶፋውም፣ መጋረጃውም የሰው ቤት ወለል እየወለወለች የላከችው ነው። የእሱ የሆነው ሬዲዮውና አንድ የግድግዳ ፎቶ ብቻ ነው፤ ፎቶውም ቢሆን የእናቷ ታናሽ ወንድም የውበቱ ነው፤ ጎፈሬው ያማረ፣ ሸሚዙን እስከ ደረቱ የከፈተ ልጅ። ውበቱ አሰብ ወደብ ሥራ ፍለጋ ሄዶ በዚያው ቀረ ይባላል። አያቷ እስክትሞት ድረስ ከአሰብ ይመጣል ብላ በር በሩን ታይ ነበር። አለምነውና ውበቱ በአንድ ዴስክ የተማሩ ጓደኛሞች ነበሩ፤ በተማሪነታቸው ሌሊት ወረቀት የሚበትኑ፣ ድሃ ሁሉ ነገ የሚጠግብ የሚመስላቸው። ከዚያ በኋላ የአባቷን ታሪክ መሰረት የምታውቀው በእጁ ነው። በደርግ ጊዜ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ ይሰነዝር ነበር አሉ። ኢሕአዴግ ሲገባ እጁ ብዕር ይዞ በየግምገማው ይጽፍ ጀመር። በዘጠና ሰባት ምርጫ ሁለት ጣቱን አውጥቶ ከተማውን ዞረ፤ ታስሮ ወጣ። የተቃውሞው ዓመት መጣ፣ ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አጣመረ። አሁን ደግሞ አዳራሽ ፊት ወንበር ላይ ያጨበጭባል። ሰው ሆዱን ብሎ ነው ይለዋል፤ መሰረት ግን ይህን ያህል ተገለባብጦ አንዲት ቤት እንኳ ያልሠራ ሆዳም አይታ አታውቅም። አባቷን የሚያስፈራት ሌላ ነው፤ ሁሉንም ከልቡ ያምናል። አዲስ ነገር ሲያምን ፊቱ እንደ ሙሽራ ይበራል፣ ያመነውንም ለመናገር ሰው ይፈልጋል።

«አባባ፣ ከቅሬ ተባረናል ማለት ነው?» አለችው።

ሬዲዮውን አልዘጋውም፤ ዝቅ ብቻ አደረገው። «ይባረሩ እነሱ። እኔ ምን አጠፋሁ? የሰማሁትን ተናገርሁ። በታሪኬ ያላመንሁበትን ነገር ተናግሬ አላውቅም።»

«እማዬ ተኝታ እያየሃት?»

«ለኋላ ቀር አስተሳሰብ አልንበረከክም።»

መሰረት ሳቋ መጣ፤ የምሬት ሳቅ። «አንተ እኮ ስንቱ ስብሰባ ላይ ቆመህ ‹አጥፍቻለሁ› ብለሃል። ግለ ሂስህን ቤት ውስጥ እየተንጎራደድህ ስትለማመድ ነው ያደግሁት። ለነዚያ ሁሉ ይቅርታ ብለህ ለጋሽ ፋሩቅ አቃተህ?»

«ያ ድርጅት ነው» አለ አባቷ፣ በእውነት ገርሞት። «ይኸ ሰፈር ነው!»

ከጓዳ እናቷ ጠራቻት። መጋረጃውን ገልጣ ስትገባ አልታየች በሁለት ትራስ ተደግፋ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር። ልጅ ሆና መሰረት የምታስታውሰው ይህንኑ ነው፤ ጡሩንባ ሲነፋ ከሰፈሩ ሴት ሁሉ ቀድማ ነጠላዋን አንስታ የምትወጣው እናቷ ነበረች፤ የማንንም ቀብር አታጓድልም፤ የማታውቀውንም እንደ ወንድሟ ታለቅሳለች። አሁንም ጆሮዋ ውጭ ነው። «ጡሩንባ የሰማሁ መሰለኝ፤ ማን ይሆን?» አለች። መሰረት ማንም እንዳልሆነ ነገረቻት፤ ውሃ አስጎነጨቻት፣ እግሯን አሸችላት። እናቷ ስለ ጤፉ ጠየቀች፤ ወፍጮው ተበላሸ አለቻት። ስለ ሽንኩርት ጠየቀች፤ መቶ ሃያ ገባ አለቻት። ከሳሎን የሬዲዮው ድምፅ ይሰማል፤ አንዱ ስለ ሰላም እያወራ ነው። «ልጄ፣» አለች እናቷ፣ ዓይኗን ከመስኮቱ ሳታነሳ፣ «ለኔም ሰው ይወጣልኛል አይደል?» «ምን ትያለሽ አንች ደግሞ!» ብላ ተቆጣችና ወጣች፤ እንባዋን ደጃፉ ላይ ጠረገች።

አቶ ፋሩቅ ሱቅ ውስጥ ሁለት ሰው ነበር። አንዱ ዘይት አምስት ሊትሩ ስንት ገባ ብሎ ሰምቶ «አላህ ይሁነን» እያለ ሳይገዛ ወጣ፤ ሌላዋ ሩብ ኪሎ ስኳር አስመዝና ቆይታ ቆይታ ሄደች። መሰረት ጥግ ላይ ቆማ ጠበቀች። ሰውየው ሚዛኑን በጨርቅ ወለወሉ፤ መልሰው ወለወሉ። በመጨረሻ «አልታየች እንዴት አደረች?» አሉ። «አላደረችም ጋሽ ፋሩቅ» አለች። «ሰው ይወጣልኛል ወይ እያለች ነው። እርስዎን ምን ብዬ እንደምለምን አላውቅም። እሱ በርስዎ ላይ የሠራው...»

«አብሽሪ፣ አብሽሪ ልጄ» አሉና በርጩማ ገፉላት። «የኔን ተይው። እስሩ ያልፋል፤ አልፏልም። እኛ ለእናትሽ ስንል ብዙ ነገር ውጠናል፤ አንች የማታውቂውን ሁሉ። አሁን ግን ያ ውጦ ዝም ማለት ጉሮሯችን ላይ ቆሟል። ነገ ደግሞ ማንን ያስይዛል? ሰው ፈራ። ለድሃ አንድ ቁና ዱቄት መስጠት ፈራ!» ጢማቸውን ያዙ፤ ሂና እንደሌለው ገና አሁን ያስታወሱ መሰሉ። «ዛሬ ከአስር ሶላት በኋላ ቅሬው ይቀመጣል። ይምጣ። እንደ ደንቡ ድንጋይ ተሸክሞ ይምጣ። ወላሂ፣ እኔ ከሁሉም ቀድሜ አወርድለታለሁ። ግን አንድ ነገር ንገሪው። ድንጋይ ይዞ ይምጣ፤ ንግግር ይዞ እንዳይመጣ።»

እስከ ቤት እየሮጠች ነው የሄደችው። አባቷን መለመን እንደማያዋጣ፣ መጨቃጨቅም እንደማያዋጣ ታውቃለች፤ ክርክር ለእሱ ምግብ ነው። ፊቱ ቆመችና ዝም ብላ ነገረችው። «አትሂድ፤ ይቅር። እማዬ ስትሞት እኔና አንተ እንሸከማታለን። አንተ በራስጌ ያዝ፣ እኔ በግርጌ። መንገድ ላይ ሲደክመን እናሳርፋታለን። ጉድጓዱን አንተ ትቆፍራለህ።» አለምነው ሊመልስ አፉን ከፈተ። ወደ መጋረጃው አየ። ከጓዳው የአልታየች ትንፋሽ ይሰማል፤ ቁርጥ ቁርጥ የሚል። ሬዲዮውን ዘጋው፤ መሰረት ደነገጠች፣ ያ ሬዲዮ በቀን ሲዘጋ አይታ አታውቅም። ከዚያ ተነስቶ ተላጨ፤ ኮቱን ለበሰ፤ ግቢውን ዞሮ ድንጋይ መረጠ። አንዲት ትንሽ አንስቶ ጣላት። ሌላ፣ የበር ማስደገፊያ የነበረችውን ትልቋን አነሳ። ሽቅብ ወደ ማጅራቱ አወጣት። መሰረት ልትረዳው ስትጠጋ ከንፈሩ እንደሚንቀሳቀስ አየች። እየተለማመደ ነበር።

«አባባ፣ ንግግር እንዳታደርግ ብለዋል» አለችው።

«ገብቶኛል፣ ገብቶኛል» አለ።

ቅሬው የሚቀመጠው ከወይራው ሥር፣ ሜዳው ላይ ነው። ወንዶቹ ድንጋይ ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ጋቢ የለበሰ አለ፣ ሽርጥ ያገለደመ አለ፤ ሴቶቹ ከአጥሩ ጥግ ቆመዋል። ይሄነው የሚሉት ጡሩንባ ነፊ ጡሩንባውን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ዳር ይዟል። አባቷ ድንጋዩን በማጅራቱ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ፣ ሜዳውን አቋርጦ መሃል ቆመ። ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። አንድ ሽማግሌ «ኤድያ፣ ሰው እኮ ነው!» አለ በለሆሳስ፤ አቶ ፋሩቅም በትራቸውን ተመርኩዘው ብድግ አሉ፣ ሊያወርዱለት። መሰረት ነጠላዋን ጨምድዳ ይዛለች። አሁን «ማሩኝ» ብቻ ቢል! አንዲት ቃል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ደንቡ ራሱ ይጨርሰዋል።

«የተከበራችሁ የቅሬው አባላት» አለ አባቷ። አቶ ፋሩቅ በቆሙበት ቀሩ። «እኔ በጉዳዩ ላይ የአመለካከት ክፍተት እንደነበረብኝ ለመግለጽ እወዳለሁ። መረጃውን ሳላጣራ ማቅረቤ ስህተት ነው። ይህን ስህተት ከሥሩ ለማየት ግን ምንጩን ማየት ያስፈልጋል።» ድምፁ እየጠነከረ፣ ወገቡም ከነድንጋዩ እየቀና መጣ። ፊቱ ሲበራ መሰረት አየች። «ምክንያቱም ግለ ሂስ ግልጽና ያልተሸፋፈነ መሆን አለበት። ዱቄት ተሰበሰበ የሚለውን መረጃ እኔ ከራሴ አላመነጨሁትም። የሰጠችኝ ባለቤቴ አልታየች ናት።»

ከሴቶቹ አንዷ «ውይ!» ብላ አፏን ያዘች። አለምነው ዙሪያውን አየ፤ ምን እንደሆኑ አልገባውም። በቆመባቸው አዳራሾች ሁሉ ሰው የሚታመነው ራሱን ብቻ ሳይሆን አብሮት የነበረውን ሲያጋልጥ ነው፤ እዚያ ላይ ነው የሚጨበጨበው። እሱም የሚያጨበጭብ ሰው የሚጠብቅ ይመስል ነበር። መሰረት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። እናቷ ያን ማታ በደስታ እንዳወራችው ታስታውሳለች፤ «ቅሬው ለዚያች ምስኪን ሁለት ኩንታል ዱቄት ሞላላት፣ ተመስገን» ነበር ያለችው።

አቶ ፋሩቅ ወደ ቦታቸው ተመልሰው ተቀመጡ። «አልታየች ያወራችው ምጽዋት ነው» አሉ በመጨረሻ፤ «አንተ ነገር አደረግኸው። አላህ ያሽራት፣ እሷ የኛ ናት። ቀኗ ሲደርስ ጡሩንባው ይነፋል፤ ደንቡ በባል ስም መጥራት ቢሆንም የአለምነው ቤት አይባልም፣ በራሷ ስም፣ አልታየች ተብሎ ይጠራል። ጉድጓድም ይቆፈራል፤ ቅሬው ሁሉ ይወጣል።» ዙሪያውን አዩ፤ ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያንተን ግን አልጨረስነውም። ድንጋይህን ይዘህ ወደ ቤትህ ሂድ። ንግግሩ ሲያልቅልህ ተመለስ።» ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው ለአልታየች ዱአ አደረጉ፤ ባለ ጋቢውም ባለ ሽርጡም አንድ ላይ «አሚን» አለ። አባቷ መሃል ሜዳ እንደተሸከመ ቆሟል። እጁን ለአሚን መዘርጋት አልቻለም።

መሰረት ቀድማው እቤት ገባች። እናቷ የጫማዋን ኮቴ ስትሰማ ነበር የጠየቀችው። «ምን አሉ?»

«ይወጡልሻል እማዬ! ሁሉም። ጡሩንባው ደግሞ በስምሽ ነው የሚነፋው፤ አልታየች ተብሎ።»

«በስሜ?» አለች አልታየች፤ ፈገግታዋ ልጅ አስመሰላት። ከዚያ ፈገግታው ሳይጠፋ፣ «አባትሽ ስሜን ጠራ?» አለች።

መሰረት የአልጋ ልብሱን ማስተካከል ጀመረች። «አልጠራም።»

«ጠራ። አውቃለሁ። ውበቱንም እንዲሁ ነው የጠራው።»

የመሰረት እጅ ልብሱ ላይ ቀረ። እናቷ ትንፋሿን እየሰበሰበች፣ እያረፈች አወራች። «አሰብ የሚባል የለም ልጄ። ተይዘው ነበር ሁለቱም። አባትሽን ሲገርፉት፣ አብሮህ ወረቀት የሚበትነው ማነው ሲሉት ‹ውበቱ› አለ። እሱን ፈቱት፤ ያኛውን ከእስር ቤት ዳግመኛ ያየው የለም፤ ማልቀስም ክልክል ነበር። ለዚያስ አልቀየምሁትም፣ ልጅ ነበር፣ ሥጋ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ነው ያገባሁት። ደርግ ወድቆ እነዚያ የመጡ ጊዜ አዳራሽ ሰበሰቡን። አንች ጉልበቴ ላይ ተኝተሻል። ተነስቶ ‹እኔ በዚያ ዘመን ውበቱን አጋልጫለሁ› ብሎ ተናገረ። አጨበጨቡለት። ለአዳራሹ ነገረ፣ ለኔ አልነገረኝም። ማታ ራት አቀረብሁለት። በላ።»

«ሰው ሁሉ ሰምቷል?»

«ሁሉም። ለኔ ሲሉ ዋጡት።»

«እንዴት ኖርሽ አብረሽው?» አለች መሰረት፤ መጮኋን አላወቀችም።

አልታየች አሰበችበት፤ መልሱን ከዚህ በፊት ፈልጋው የማታውቅ መሰለች። «ሲናገር ያምናል እኮ። ያንለት የሚለውን ያንለት ያምነዋል። ውሸታም ቢሆን እጠላው ነበር።» የልጇን እጅ ያዘች። «ለወንድሜ ጡሩንባ አልተነፋለትም። የሰው ሁሉ ጡሩንባ ሲነፋ እየወጣሁ እሱን ነው ያለቀስሁት። የኔ ሲነፋ ይሄነው የሱንም ስም አብሮ ይጥራልኝ። አንች እንዳትነግሪው። አባትሽ ሄዶ ይንገረው።»

መጋረጃው ተንቀሳቀሰ። አለምነው እዚያ ቆሟል፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አይታወቅም። ኮቱ ማጅራቱ ላይ አፈር ሆኗል። «ያኔ የነበረው ነባራዊ ሁኔታ...» አለ። አልታየች አየችው። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፤ ዝም ብላ አየችው። ዓረፍተ ነገሩ በዚያው ቀረ። ወደ ልጁ ዞረ። «ሄጄ ምን እላለሁ?»

«እኔን አትጠይቀኝ» አለች መሰረት።

ወጣ። ድንጋዩ ደጃፍ ላይ ነበር፤ ማንም ሳያዘው አጎንብሶ ተሸከመው። ከኋላው ተከተለችው፤ የምትከተለው አዝናለት ይሁን ወይስ በመንገድ ላይ ንግግር እንዳይጀምር ፈርታ፣ ራሷም አላወቀችውም። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ ብርዱ መጥቷል። ሱቅ የሚዘጋው ሁሉ ቆሞ አያቸው። ይሄነው ደጁ ላይ ተቀምጦ የጡሩንባውን አፍ በጨርቅ ይጠርግ ነበር። ከነድንጋዩ ሲያየው ተነሳ፤ «ምነው፣ አልታየች...?» አለ ደንግጦ።

«አለች፣ አለች» አለች መሰረት። «የሷ ሲነፋ አብሮ የሚጠራ ሌላ ስም አለ፤ እሱን ሊነግርህ ነው።»

ይሄነው ወደ አለምነው ዞረ። የማን ስም እንደሆነ ማወቁ ፊቱ ላይ ያስታውቃል፤ ቢሆንም «ማን ብየ ልጥራ?» አለ። አባቷ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። የሚጨብጠው፣ የሚያነሳው፣ የሚያጣምረው እጅ የለውም፤ ሁለቱም ድንጋዩን ይዘዋል። አንድ ጊዜ ወደ እሷ አየ፤ ቃል እንድታቀብለው። አላቀበለችውም።

«ውበቱ» አለ።

ይሄነው ጠበቀ። መሰረትም ጠበቀች። ሌላ ቃል አልተከተለም።